እዝን ወጪ ነው ወይ?

የእህቴ ልጅ ከጅዳ የላከችውን የድምፅ መልእክት የሰማነው መካነ ሰላም፣ እህቴ ቤት በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምን ነበር። እዚያ መቆየት እንደደከማት፣ ግን ባዶ እጇን መጥታ አብራን መቸገር እንደማትፈልግ ተናገረች። ቤቱ በወር ስንት እንደሚበላ በትክክል እንድንነግራት ለመነችን። ከዚያ ተነሥታ መምጣቷን ወይም መቅረቷን ትወስናለች።

እህቴ ስልኩን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። ታናሿ ነኝ፤ ዕድሜዬን በሬዲዮ ዜና ሠርቼ፣ ጡረታ ስወጣ ከደሴ እሷ ቤት ገባሁ።

"ይኸው ሥራ መጣልህ፣ ጋዜጠኛ" አለችኝ።

አመዘጋገቡን ለመምረጥ ብዙ ተከራከርን። ልጅቷ በስልክ ላይ የሚጫን የወጪ መመዝገቢያ ልካልን ነበር፤ እህቴ ግን ፊደሉ አነሰብኝ አለች፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም ስልኩ ይሞታል። የእሷ ሐሳብ ገንዘቡን በወሩ መጀመሪያ በጨርቅ ከረጢት መከፋፈል ነበር፦ የወፍጮ፣ የዘይት፣ የበርበሬ፣ የመብራት። ይህን እኔ አልወደድኩትም። ከረጢት የቀረውን እንጂ የወጣው የት እንደገባ አይናገርም። ስለዚህ ደብተር ይሁን አልኩ፤ በየማታው ጠይቄ፣ ትኩሱን እጽፋለሁ።

እህቴ እየሣቀች ተቀበለችኝ። ከማን ገዛሽ፣ በስንት ገዛሽ እያልኩ ስጨቀጭቃት ግን ሣቋ እየቀነሰ ሄደ። "ፍርድ ቤት አቆምከኝ እኮ" ትለኝ ጀመር። "ለጨውም ምስክር ላምጣልህ?"

ወሩ አልቆ ስደምረው ደስ አለኝ። ከእህቴ መሬት እኩል አራሹ የሚያገባልን እህልና የእኔ ጡረታ ያንን ወጪ ይችሉታል። ልጅቷ መምጣት ትችላለች ማለት ነው። በዚያው ደስታ ደውዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ያነበቡልኝ እኮ በየወሩ ከምልከው ግማሹን አይሞላም። ቀሪው የታለ?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ስንት ባለሥልጣን ፊት ጠይቄዋለሁ፤ ወደ እኔ ዞሮ አያውቅም። በቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፤ ከሁለታችን አንዷ እናቷ ናት።

እህቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። "አብሽሪ፣ ማንም አልወሰደብሽም" ብላ ዘጋችው፤ ትለቅመው ወደነበረው ምስርም ተመለሰች። ቀሪው የት እንደሄደ ስጠይቃት ቀና አላለችም።

"ለሰው ነዋ የሄደው። አቀስታ ላይ ያረፉት የሟች ባሌ አጎት አሉ፣ ከላላ ላይ የአማቾቻችን ለቅሶ አለ፣ እዚህም ቅሬው አለ።"

ቅሬ የምንለው የቀብር ማኅበራችን ነው፤ በየደረሰው ለቅሶ እዝን፣ የሐዘንተኛውን ምግብ፣ ይዞ መሄድ የማይቀር ነው። ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት።

"የጠየቅከኝ ወጪ ነው። እዝን ወጪ ነው ወይ? ለሐዘን ቤት የወሰድኩትን ጽፌ ላስቀምጥ፣ ነገ እንዲመልሱልኝ?"

በእኛ አገር ለለቅሶ የወሰዱትን በአፍ መቁጠር መልሱልኝ እንደ ማለት ነው፤ እኔም ያደግኩት በዚሁ ነው። ነገር ግን እንጀራና ወጥ የሞላው መሶብ ይህን ያህል ገንዘብ አይበላም። ይህንኑ ስላት፣ በየለቅሶው ከመሶቡ ሌላ ከገበያው በቀጥታ በግ እንደምትነዳ ነገረችኝ፤ በግ ሲጠፋ ደግሞ ብር ታስጨብጣለች።

"ድሮ እኔም የምወስደው መሶብ ብቻ ነበር" አለች። "ልጄ አረብ አገር ከገባች ወዲህ መሶብ ብቻ ይዤ ብገባ ምን ይሉኛል? ልጅዋ ሪያል እየላከችላት እሷ እንጀራ ተሸክማ መጣች ነው የሚሉኝ።"

የሰማሁትን ማመን ስላቃተኝ እንደ ልማዴ እንደገና ከመጀመሪያው ጠየቅኳት፣ ለቅሶ በለቅሶ፣ ቤት በቤት። መልሱ አልተለወጠም። የቤቱ ትልቁ ወጪ የመጣው ልጅቷ ሰው አገር ስላለች ነው፤ ልጅቷን ሰው አገር ያስቀራትም ያው ወጪ ነው።

መልሼ ደውዬ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ለልጅቷ ነገርኳት።

"እኔ እዚህ የሰው ቤት እየወለወልኩ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ለቅሶ ላይ በግ ስነዳ ኖርኩ ማለት ነው?"

እህቴ ምስሩን ትታ ወደ ጓዳ ገባች። ልጅቷ ደብተሩ እንዲቀር፣ የእናቷ ከረጢት እንዲጀመር ነገረችኝ፤ ከከረጢት የጎደለ፣ ወጪ ተባለ አልተባለ፣ መጉደሉ ይታያል አለች። ስለ መምጣቷ ግን ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ እህቴ ከአሮጌ ነጠላ ከረጢቶቹን ሰፋች፤ የእዝኑንም ጨምራ። እሱን ከሁሉም አሳንሳ ነበር የሰፋችው። ሆኖም በግ ስትነዳ የለመዳት ሰው ፊት መሶብ ብቻ ይዞ መግባት እንዴት እንደሚቻላት አልገባኝም፤ አንድ ጊዜ ንፉግ ከተባለች መልሳ ስሟን አታገኘውም።

ብዙም ሳይቆይ ከሰፈራችን በታች አንድ ሽማግሌ አረፉ። እህቴ መሶቧን ይዛ ስትወጣ ተከተልኳት። ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ ሙስሊሟ ጎረቤታችን፣ የእህቴ የልጅነት ጓደኛ፣ አንገቷን አስግጋ ከእህቴ ኋላ ተመለከተች።

"በጉን ከመንገድ ጅብ በላው እንዴ?" አለቻት።

አጠገቧ ያሉት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እህቴ መሶቡን አስቀመጠች፣ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ድንኳኑ ሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "በግ የለም። ልጄ ጠቅልላ ልትመጣ ነው፤ ከእንግዲህ እንደ እናንተው ነኝ" አለች።

ከሁሉም ይልቅ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ እንዲህ አላለችም። እንዲያውም ከዚያች ቀን ወዲህ አልደወለችም።

ጎረቤታችን እህቴን ትክ ብላ አየቻት። "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ተጠግታም ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት። ሌሎቹም እየተቀባበሉ እንኳን ደስ አለሽ አሏት፤ ለቅሶው መሐል።

ወደ ቤት ስንመለስ እህቴ ባዶውን መሶብ በብብቷ ይዛ ከፊቴ ትራመድ ነበር። እደጃችን ስንደርስ ቆመች።

"ደውልላት" አለችኝ። "በሰው ፊት ተናግሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ብትቀሪ የምዋረደው እኔ ነኝ በላት።"