አረንጓዴ ሽቦ የታሰረበት መጥበሻ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ ነው። ብዙ ነገር ገጥሞኝ ያውቃል፤ በአንድ ቀን እንደዚያ ያፈርኩበትና የተደነቅኩበት ግን የለም። መጥበሻ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እኔና እማዬ የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያን ሰሞን እማዬ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን አድርጋ ከሆስፒታል ከወጣች ሁለት ሳምንቷ ነበር። ሐኪሙ ብዪ አላት። የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ "ለታመመ ሰው ተፈቅዷል፣ ወተትም እንቁላልም ውሰጂ" አሏት። እሷ ግን "ዕድሜዬን ሙሉ ያልገደፍኩትን ዛሬ አልገድፍም" ብላ አሻፈረኝ አለች። እሺ፣ የጾሙን ብዪ ስላት ደግሞ ሽሮው ይሸታታል፣ ምስሩ አይወርድላትም። ሁለቴ ትጎርስና ፊቷን ታዞራለች። ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ይወድቅ ጀመር። እኔ ቁጭ ብሎ ማስታመም የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ እናደዳለሁ።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ ነው አንድ ቀን ቦሌ ከምሠራበት የስልክ ዕቃ መሸጫ ስመለስ ከታክሲ ረዳት ጋር የተጣላሁት። ሰሚት ብሎ ጭኖን መንገድ ላይ "መጨረሻ ነው" አለ።

"ሰሚት ብለህ ጭነህ እዚህ ልታራግፈን?"

"እህቴ፣ ካልተመቸሽ የራስሽን መኪና ግዢ!"

በሩን ድርግም አድርጌ ወረድኩና በውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን መንገድ ገሰገስኩ። ዝናብ መጣ። አንድ ግቢ በር ላይ ክብ ቀይ ፋኖስ ተንጠልጥሏል፤ ከውስጥ የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ይወጣል። ምሳ አልበላሁም ነበር። ገባሁ።

ቪላ ቤት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ አለ፤ ሁለቱ ላይ የሥራ ልብስ የለበሱ ቻይናዎች አጎንብሰው ይበላሉ። አስተናጋጇ ትዕግስት ትባላለች። የቤቱ ባለቤትና ወጥ ሠሪ አርባዎቹ ውስጥ ያለች ቻይናዊት ናት። ሠራተኞቿ "እትዬ ሜይ" ይሏታል።

እኔ ያሰብኩትን አፌ ላይ ማቆየት አልችልም። "ውሻ ትሠራላችሁ እንዴ?" አልኳት፣ ገና ሳልቀመጥ።

ትዕግስት በድንጋጤ አፏን ያዘች። እትዬ ሜይ ግን ምንም አልመሰላት። "ውሻ ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ። "ጎረቤት አለ። በጣም ይጮሃል። ውሰጂ!"

ሳላስበው ሳቅሁ። "የጾም አለ?" ስላት "ስጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቅቤ የለም" ብላ ጣቷን እየቆጠረች ነገረችኝና ገባች። ያመጣችልኝ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቶፉ የሚሉት ነገር ነው፤ በዝንጅብል መረቅ ውስጥ፣ እንደ አይብ ለስላሳ። ሁለተኛ ጉርሻዬ ላይ ስለ እማዬ አሰብኩ። ይሄንንማ ትውጠዋለች!

በፕላስቲክ ዕቃ አስቋጥሬ ወሰድኩላት። የቻይና ነው ብላት እንደማትነካው ስለማውቅ "ጓደኛዬ ሠርታልሽ ነው" ብዬ ዋሸሁ። ጠርጋ በላችው። "ጓደኛሽን እግዜር ይስጥልኝ" አለች። በማግስቱም ወሰድኩ፣ በላች። ደረጃውን እየሮጥኩ መውጣት ጀመርኩ።

በሦስተኛው ቀን መረቁ ውስጥ ጥቁር፣ ሸብሸብ ያለ ነገር ነበረበት። እማዬ አኝካ አኝካ በጣቷ አወጣችው።

"ሄለን፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"እኔንጃ።"

"ጨጓራ ነው! ጨጓራ ጠፍቶኝ ነው? የማን ቤት ነው ይሄ? እውነቱን ንገሪኝ!"

"የቻይና ቤት" አልኩ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ዕቃውን አስቀምጣ "ታምሜ እንኳ ያልተውኩትን ጾሜን አስገደፍሽኝ" አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ በኋላ ውሃ እንኳ ከእጄ አልቀበልም አለች።

በማግስቱ ጠዋት የተረፈውን በፌስታል ይዤ ሄድኩና ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት። "ጾም ነው ብለሽ ስጋ ሸጥሽልኝ!" ብዬ ጮኽኩ። የሚበሉት ሁሉ ዞሩ። እትዬ ሜይ ጥቁሩን ነገር አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ክንዴን ይዛ ወደ ኩሽና ጎተተችኝ።

ኩሽናው ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንዱ በኩል ያለው መጥበሻ፣ ማማሰያ፣ ቢላ፣ መክተፊያ ሁሉ እጀታው ላይ አረንጓዴ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ግድግዳው ላይ የኛው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ተሰቅሏል፤ ረቡዕና ዓርቡ በእስክሪብቶ ተከቧል።

"መጀመሪያ ስንቀጠር በጾም ቀን ምሳችንን ከቤት ይዘን እንመጣ ነበር" አለችኝ ትዕግስት። "ምግቧን የጠላነው መስሏት አኮረፈች። ስጋ የነካ ዕቃ ነው ችግሩ ስንላት፣ በሳምንቱ ይሄን ሁሉ ለጾም ብቻ ብላ ገዝታ መጣች። አሁን እኛ ብንሳሳት እሷ ናት የምትቆጣን።"

እትዬ ሜይ ከከረጢት ውስጥ የተቀደደ ጎማ የመሰለ ደረቅ ነገር አውጥታ አሳየችኝ። "ዛፍ ላይ ይበቅላል" አለች። እንጉዳይ ነው። የምገባበት ጠፋኝ።

"አሁን እኔ ለእናቴ ብነግራት አታምነኝም" አልኳት። "አንዴ ዋሽቻታለሁ።"

ሽርጧን ፈታች። ባለ ሽቦውን መጥበሻ፣ ማማሰያውንና ከረጢቱን በዘንቢል ይዛ "ቤት የት ነው?" አለች።

አራት ፎቅ ያለ ሊፍት ወጣች። እማዬ መጥበሻ ያንጠለጠለች ቻይናዊት ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ "ይግቡ" አለች። እትዬ ሜይ "እማማ፣ እዪ" ብላ ደረቁን እንጉዳይ ሙቅ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችው። ሁለቱ ሴቶች አጎንብሰው ብርጭቆውን ያያሉ። እንጉዳዩ ቀስ እያለ አበጠ፣ ተዘረጋ፣ ሸብሸብ አለ። እማዬ አወጣችው፣ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው። "እውነትም ስጋ አይደለም" አለች በቀስታ።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እትዬ ሜይ ለማብሰል ኩሽና ስትገባ የእኛን መጥበሻ ከምድጃው ላይ አነሳችና "ይሄ ጾም ነው?" አለችኝ።

አዎ ልል ነበር። መዋሸት ሰልችቶኝ ነው መሰለኝ፣ "ቅዳሜ እንቁላል ጠብሼበታለሁ" አልኩ።

"በሁዳዴ?" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። እማዬ ግድግዳ ይዛ ቆማለች። "እሑድ ድንች የጠበስሽልኝስ በምኑ ነው?"

"አጥቤዋለሁ እኮ!"

እትዬ ሜይ ራሷን ነቀነቀች። "ማጠብ አይበቃም።"

"አይበቃም!" አለች እማዬም።

መጥበሻውን ተመለከተች። ከዚያ "እኔ ቻይና አስገደፈችኝ ብዬ ሳለቅስ፣ ለካ ጉዱ ቤቴ ነው!" ብላ መሳቅ ጀመረች። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። "ኧረ ስፌቴን! ኧረ አታስቁኝ!" ትላለች ሆዷን ይዛ። ያን ቀን ከአረንጓዴው መጥበሻ ሁለት ሳህን በላች። በኋላ የንስሐ አባቷ ታሪኩን ሲሰሙ እሷን ትተው ስግደቱን ለእኔ አዘዙት።

እማዬ አሁን ደህና ናት፤ ቀለበቷም ጣቷ ላይ ጠብቋል። ረቡዕ ረቡዕ አብረን እትዬ ሜይ ቤት እንሄዳለን። እማዬ ከመቀመጧ በፊት ኩሽና ገብታ ሽቦዎቹን ታያለች፤ እትዬ ሜይ ደግሞ ሁሌም በሩን ከፍታ ትጠብቃታለች። ቤታችን ውስጥም አሁን ሁለት መጥበሻ አለ። አንዱ ላይ እማዬ አረንጓዴ ሽቦ ጠምጥማበታለች። ሌላውን "የሄለን" ትለዋለች፤ እንግዳ ሲመጣም ምክንያቱን ሳትነግር አትሸኝም።

እኔ አንድ ቦታ መቆየት አልወድም፤ ከዚያ ወዲህ እንኳ ሁለት ሥራ ቀይሬያለሁ። ምሳ ቤቴን ግን አልቀየርኩም። የራሷ ያልሆነውን ጾም፣ ከባለቤቱ ልጅ ይልቅ ተጠንቅቃ የምትጠብቅልን ሴት ሌላ የት አገኛለሁ?