ግንቦት ላይ የፈካ አደይ አበባ

መጀመሪያ ያየሁት ቀለሙን ነው። አንዷ ኦፊሰር ሰማያዊ ሱሪና ሰማያዊ ከነቴራ አጣጥፋ ሰጠችኝ፣ በሩ ተከፈተ፣ ገባሁ። ረጅም ክፍል ነው፤ ግራና ቀኝ ተደራራቢ የብረት አልጋ። ቴሌቪዥኑ በስፓኒሽ ይጮሃል፣ አንዱ ማይክሮዌቭ ላይ ኑድል ያሞቃል፣ ኤሲው ደሞ ውጭ ሐምሌ መሆኑን ማንም የነገረው አይመስልም፣ አጥንት ይበላል። አውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ የስደተኞች እስር ቤት፣ በፈረንጅ ሁለት ሺህ አስራ ስድስት።

እኔ ማለት ከብራዚል ተነስቼ፣ ያን ሁሉ አገር በጀልባ፣ በአውቶቡስ፣ በእግር ያቆራረጥኩ ሰው ነኝ። ጫካ ውስጥ ሌላው ሲያለቅስ እኔ ቀልድ እያወራሁ ነው ያለፍኩት። ድንበር ላይ «ጥገኝነት እፈልጋለሁ» ብዬ እጄን ሰጠሁ፣ በአውሮፕላን ጭነው እዚህ አመጡኝ። አገር ቤትም ታስሬ ስለነበር እስር ቤት ምን እንደሚሸት አውቃለሁ። ይሄኛው የሳሙና ሽታ ነበረው። ዱላ የያዘ ሰው የለም። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ታችኛው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብለዋል። መነጽራቸው አንዱ እግሩ በፕላስተር ታስሯል። አየት አድርገውኝ «ሐበሻ ነህ» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ይሄ ልብስ ግን ምንድነው? ኮሪደር ላይ ብርቱካናማ የለበሰ አየሁ።»

«በዓይነት በዓይነት ይለዩናል። ቀይ አደገኛ ነው። ብርቱካናማ መካከለኛ። ሰማያዊ የማይጎዳ።»

«የማይጎዳ? እኔን?»

«እኔንም» አሉ።

«እርስዎንማ እሺ!»

ሳቁ። ፊት ለፊት አንድ ጥርስ የላቸውም። እኔም ሳልቀመጥ ነገርኳቸው፤ አገር ቤት ሰልፍ የመራሁ፣ አምስት ሺህ ሰው ከኋላዬ ያሰለፍኩ ሰው ነኝ፣ ቢያንስ ብርቱካናማ ይገባኝ ነበር አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

የሳቸው ሥራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የደረቀ አበባ መጠበቅ ነበር። አበባ ከየተራራው ለቅመው፣ በጋዜጣ ተጭነው አድርቀው፣ ወረቀት ላይ አጣብቀው፣ ከሥሩ ስሙንና የተገኘበትን ቦታ መጻፍ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄንን ብቻ።

«ታዲያ አበባ የሚያደርቅ ሰው ምን አድርጎ ይሰደዳል?»

«ወንዱን ልጄን ፈልገው መጡ፣ አጡት። እኔን ጠየቁኝ። ደጋግመው ጠየቁኝ» አሉና ምላሳቸው ወደ ጎደለችው ጥርስ ቦታ ሄደች። ከዚያ በላይ አልነገሩኝም። ሴት ልጃቸው ጋ ሊጠለሉ መጥተው አየር ማረፊያ ላይ «አልመለስም» ስላሉ ነው እዚህ የገቡት።

በቀን አንዴ ግቢ ያወጡናል። ግቢ ማለት ሲሚንቶ፣ አንድ የባስኬት ቀለበት፣ ዙሪያውን ሽቦ። ሁለተኛው ቀን ላይ ጥግ ላይ ሲሚንቶው ከተሰነጠቀበት የበቀለ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ቢጫ አበባ አየሁ።

«ጋሼ! አደይ አበባ!»

ሰውየው እንዴት እንደሮጡ! ለቆጠራ ሲጠሩን ከአልጋቸው ለመነሳት አምስት ደቂቃ የሚፈልጉ ሰው ሮጡ። ተንበረከኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ገልብጠው እንደ ማጉያ ያዙት።

«አደይ አይደለም። ግን ቤተሰብ ነው። ቅጠሉን እይ፣ የአደይ ቅጠል ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ነው የሚወጣው። ይሄ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ንካው እስቲ።»

ነካሁት። እንደ ማስቲካ ጣቴን ያዘኝ። ከአበባው ሥር ያሉት ትንንሽ አረንጓዴ ነገሮች ወደ ውጭ ተቆልምመዋል፣ እንደ መንጠቆ።

«ታዲያ ስሙ ማነው?»

«ቤተሰቡን አውቀዋለሁ፣ እሱን አላውቀውም። የዚህ አገር ተወላጅ ይመስለኛል። ማንም አልተከለውም።»

«እሱስ ወረቀት አለው ማለት ነው!»

ከሥሩ አንድ ዳንደሊዮን የሚሉት አጭር ቢጫ አበባ ነበር፣ እሱን አሳዩኝ። «ይሄም ዘመዱ ነው። ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፣ መጤ።»

«እሱን ለምን አላሰሩትም?»

«ለቅመው መጨረስ አቃታቸው» አሉ። አያችሁ፣ እሳቸውም ይቀልዳሉ።

ያን ቀን የነገሩኝን ለማንም ብናገር ይገርመዋል። ኑግ፣ ሱፍ፣ አደይ፣ ግራዋ፣ ኮሸሽላ፣ ሰላጣ እንኳን ሳይቀር፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አንድ አበባ የምንለው ደግሞ አንድ አይደለም፣ ሕዝብ ነው። መሃሉ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ ራሷን የቻለች አበባ ናት። ዳር ላይ እንደ ቅጠል የተዘረጋውም እያንዳንዱ ለብቻው አበባ ነው።

«ሱፍ ላይ የዳሩ ዘር አይዝም» አሉ። «ደማቅ ነው፣ ንብ ይጠራል፣ በቃ። ዘር የሚይዙት የመሃሎቹ ናቸው።»

«ወያላ ነዋ!» አልኩ። «ግቡ ግቡ ይላል፣ እሱ ራሱ ግን የትም አይደርስም!»

እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠርገው «ሠላሳ ሁለት ዓመት ስሠራ እንዲህ ብሎ ያስረዳ ሰው የለም» አሉኝ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰው! ሦስት ቀን ስንጎራደድ ነው የከረምኩት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አበባችን ጋ ነን። ይቅጠፉት ስላቸው እንቢ አሉ፤ አንድ ብቻ ሆኖ የተገኘ ተክል አይቀጠፍም፣ የሥራው ደንብ ነው። አንድ ጠዋት የግቢው ኦፊሰር፣ ትልቅ ሆድ ያለው ነጭ ሰውዬ፣ መጣና ምን እንደምናይ ጠየቀን። አሳየነው። «ኦ፣ ገምዊድ» አለ፣ «የውሻዬ ፀጉር ላይ ይጣበቃል፣ እጠላዋለሁ።» ጋሼ «ገምዊድ፣ ገምዊድ» እያሉ ቀኑን ሙሉ ዋሉ፣ አራስ ቤት ደርሰው የልጅ ስም የሰሙ ይመስል።

የኔ ፍርድ ቤት ደረሰ። ነገ ጠዋት ነው። ካላመኑኝ ወደ አገሬ ነው የሚመልሱኝ፣ አገሬ ደሞ ኤርፖርት ላይ ማን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ግቢ ስንወጣ «ጋሼ፣ ልለማመድ፣ እንደ ዳኛ ሆነው ይስሙኝ» አልኳቸው። አበባው ጋ ቆመው እጃቸውን ኋላ አድርገው ሰሙኝ።

ጀመርኩ። አምስት ሺህ ሰው ስመራ፣ ጥይት ሲተኮስ፣ ከከተማ ወጥቼ ስሮጥ፣ ሦስት ቀን አደይ አበባ መሃል ተኝቼ ሲፈልጉኝ ሲያጡኝ። ይሄ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ማመልከቻዬ ውስጥ ገብቷል፤ መንገድ ላይ የተዋወቅኩት ልጅ ነው የጻፈልኝ።

«ይሄ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ግንቦት።»

«አደዩ ቁመቱ እስከ ምን ድረስ ነበር?»

«እስከ ወገቤ! ቢጫ በቢጫ ነበር እኮ ጋሼ!»

«ግንቦት ላይ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ጆሮዬ ጋለ። ይሄንን የማያውቅ የኢትዮጵያ ልጅ የለም። አደይ የመስከረም ነው፣ ክረምት ጠግቦ ነው የሚወጣው። ግንቦት ላይ ሜዳው አቧራ ነው። እኔ የከተማ ልጅ፣ አደይ የማውቀው በእንቁጣጣሽ ቴሌቪዥን ላይ ነው፣ ውሸቴን ሳሳምር ከዚያ ቀጥፌ አመጣሁት።

«ምናልባት መስከረም ይሆናል» አልኩ።

«ምናልባት እዚያም አልነበርክም።»

አልተቆጡም። ክፉውም እሱ ነው፣ ቢቆጡኝ መልስ ነበረኝ። ቁጭ አልኩ ሲሚንቶው ላይ። እሳቸውም ጉልበታቸውን ይዘው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«እውነቱ ምንድነው?»

«ያሳፍራል ጋሼ።»

«እሺ።»

ነገርኳቸው። እኔ ወያላ ነበርኩ። ሕይወቴን በሙሉ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሁለት ሰው!» ስል ኖሬ ነው መጨረሻ ላይ እውነተኛው ሜክሲኮ የደረስኩት። በዚያ የሰልፍ ሰሞን አንድ ጠዋት መንገድ ተዘጋ። ወታደር ቆሟል፣ ታክሲው ሙሉ ሰው ትንፍሽ አይልም። እኔ ዝምታ አልችልም። ከበሩ ተንጠልጥዬ «ዴሞክራሲ፣ ዴሞክራሲ! መንገዱ ዝግ ነው፣ ሂሳብ ግን ይከፈላል!» ብዬ ጮህኩ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ ብቻ አልሳቀም። ከሰዓት መጥተው ወሰዱኝ። አራት ወር። በየቀኑ «ማነው ያስተማረህ?» ነው። የራሴ ነው ስል አያምኑም። የግራ እጄ ትንሿ ጣት እስከ ዛሬ አትታጠፍም፣ ግን ከሁሉ የበለጠ ያናደደኝ ቀልዴን ለሌላ ሰው መስጠታቸው ነው።

«መንገድ ላይ ልጆቹ ‹በቀልድ ታሰርኩ ካልክ ይስቁብሃል› አሉኝ» አልኩ። «ሰልፉ ይሻላል አሉኝ።»

 ጋሼም የራሳቸውን ነገሩኝ። ወጣት ሳሉ አንድ ተራራ ጫፍ ወጥተው አበባ እንዲያመጡ ተላኩ። ደክሟቸው ግማሽ መንገድ ላይ ያገኙትን ለቅመው ወረቀቱ ላይ «ከጫፉ የተገኘ» ብለው ጻፉ። ከዓመታት በኋላ አንድ የውጭ ተመራማሪ ያንን አምኖ ሁለት ክረምት ጫፉ ላይ ሲፈልግ ከረመ።

«ሲነግረኝ ወረቀቱን ቀድጄ ልጥል ነበር። አይቻልም። በኛ ሥራ የተሳሳተ ጽሑፍ አይቀደድም፣ አይሰረዝም። ትክክለኛውን በሌላ ትንሽ ወረቀት ጽፈህ፣ ስምህንና ቀኑን አድርገህ፣ አጠገቡ ትለጥፋለህ። ሁለቱም እዚያው ይኖራሉ። የሚያየው ሰው ማን እንደተሳሳተና ማን እንዳረመው ያያል።»

«አላፈሩም?»

«ሁለቱም ላይ ያለው ስም የኔ ነው። ሄደህ ማየት ትችላለህ።»

«ነገ እንዲህ ብል ይመልሱኛል ጋሼ።»

«ሊመልሱህ ይችላሉ። እኔ ሕግ አላውቅም፣ ቅጠል ነው የማውቀው» አሉና ተነሱ፣ የመግቢያ ሰዓታችን ደርሶ ነበር።

ፍርድ ቤቱ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። ዳኛዋ፣ የመንግሥት ጠበቃ፣ እኔ። አስተርጓሚዋ ስልክ ውስጥ ናት፣ ድምፅ ብቻ። ዳኛዋ ማመልከቻዬን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «ከመጀመራችን በፊት የምታስተካክለው ነገር አለ?» አለችኝ።

አፌ ደረቀ። እኔ አፌ ሲደርቅ አስቡት። ተነስ ያለኝ ሰው የለም፣ ግን ተነሳሁ።

«አለ። ስለ ሰልፉ የተጻፈው ውሸት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ የጻፈልኝ ልጅ ጥፋት የለበትም። አይቅደዱት፣ እዚያው ይሁን። እውነቱን ግን አጠገቡ ይጻፉልኝ።»

ነገርኳት። ቀልዱ ጋ ስደርስ ከስልኩ ውስጥ የታፈነች ትንሽ ድምፅ መጣች፣ ከዚያ አስተርጓሚዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ በእንግሊዝኛ ቀጠለች። በእንግሊዝኛ ማንም አልሳቀም። የመንግሥት ጠበቃው ለምን እንደዋሸሁ ጠየቀኝ።

«እውነቱ ትንሽ መስሎኝ» አልኩ።

ዳኛዋ «ጣትህን አሳየኝ» አለች፣ አሳየኋት። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ። «ያን ቀን ታክሲው ውስጥ ስንት ሰው ሳቀ?»

አስራ አምስት፣ ሃያ ልል ነበር። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

«አልቆጠርኩም» አልኩ። «አንድ ሰው እንዳልሳቀ ብቻ ነው የማውቀው።»

ጻፈች። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ ፈቅዳልኛለች። ጋሼ ከዚያ በፊት ተፈተው ሌላ ስቴት ሴት ልጃቸው ጋ ሄደዋል፣ አሁንም እንደዋወላለን። ያገኙትን አበባ ሁሉ በፎቶ ይልኩልኛል፣ እኔም ምንም ሳላውቅ ስም አወጣላቸዋለሁ።

አሁን ቻምበርስ ሮድ ነው የምኖረው፣ ኮሜርስ ሲቲ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። በኔ ሺፍት እንደኔ የሚነዳ የለም፣ ሱፐርቫይዘሩን ጠይቁት። ባለፈው ለግሪን ካርድ የሚሞላውን ፎርም ሳስሞላ፣ ሃቫና መንገድ ላይ ወረቀት የምትሞላልን እህት «ታስረህ ታውቃለህ፣ ለምን?» የሚለው ጋ ደረሰች። ቦታዋ ጠባብ ናት፣ አንድ መስመር ተኩል።

«ታሪኩ ረጅም ከሆነ ተጨማሪ ወረቀት እናያይዛለን» አለችኝ።

«አያስፈልግም» አልኳት። «ታክሲ ውስጥ ቀልጄ።»

ጻፈችው። ቦታ ተረፈ።