ለዝናብ የቆመ ድንጋይ

እናቴ ከደሴ መጥታ አሜሪካ፣ ዶራቪል እኔ ዘንድ ከተቀመጠች ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንድ ቃል ሐራም ሆነ፤ «ነበር» የሚለው። ታናሽ ወንድሜ ከሊቢያ ደውሎ «ነገ ጀልባ እንሳፈራለን» እንዳለን ድምፁ ጠፍቷል። አንድ ቀን አፌን አዳልጦኝ «ፓስታ ይወድ ነበር» ብል፣ ሹካዋን አስቀምጣ «ይወዳል በል!» አለችኝ። ከሶላት በኋላ «ያ አላህ፣ በሰላም አምጣልኝ» ስትል እኔም «አሚን» እላለሁ። በሆዴ ግን ከቀበርኩት ቆይቻለሁ፤ የማስመስለው ለእሷ ስል ነው እላለሁ።

ቤት መዋሉ ቢያንገሸግሻት አትላንታ ወዳለ አንድ የጃፓን መናፈሻ ወሰድኳት። ዛፍ ለማየት ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ድሮ ያስቀኝ ነበር።

«እማዬ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ እስክመጣ በሩ ጋ ጠብቂኝ» አልኳት። የት ጠብቃኝ! ስመለስ ውስጥ ገብታ፣ ጽሑፍ የተቀረጸበት ረጅም ድንጋይ ፊት ጫማዋን አውልቃ፣ እጇን ዘርግታ ፋቲሃ ትቀራለች። ፎቶ ሊነሱ የመጡ ባልና ሚስት ቆመው ያዩዋታል። አፈርኩ።

«እማዬ፣ መቃብር አይደለም እኮ! ግጥም ነው፤ ያገራቸው ገጣሚ የጻፈው።»

«ምን ይላል?»

ከጎኑ ያለውን የእንግሊዝኛ ትርጉም አነበብኩ። «ስለ ዝናብ ነው። ቅጠል ላይ ስለሚወርድ ዝናብ። ሌላ ምንም የለውም።»

«ለዝናብም ድንጋይ ያቆማሉ?» አለች። ልስቅ ስል ፊቷን አየሁና ተውኩት።

ኩሬው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ቀያዮቹ ዓሦች ምግብ የያዝን መስሏቸው እግራችን ሥር ተሰበሰቡ። እሷ ዓሦቹን አላየችም፤ ውሃውን ነው የምታየው።

«ውሃ ይፈራ ነበር» አለች።

ጆሮዬን አላመንኩም። እስክታርመው ጠበቅኩ። አላረመችውም። ያን ሁሉ ጊዜ «አሚን» ስል እሷን የማባብል መስሎኝ ራሴን እያታለልኩ ኖሬያለሁ፤ ለካ እሷ «ይወዳል» እስካለች ድረስ ወንድሜ ለእኔም አልሞተም።

«ይፈራል በይ እንጂ» አልኳት። እንባዬ ቀደመኝ። «እማዬ፣ ይፈራል በይ።»

ነጠላዋን አስተካክላ እጄን ያዘችኝ።

«ተነስ ልጄ» አለች። «ቤት ሄደን ለቅሶ እንቀመጥ።»