ከበሩ ጀርባ የተቀበልኩት

የሲዲው ሳጥን ሲከፈት ቀጭ ይላል። ሽፋኑ ላይ ጥቁር አሸዋ፣ ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከፊት ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው የደፉ ሦስት ልጆች አሉ። ጽሑፉን እኔ አላነበውም፤ እዚህ ሰፈር የሚያነበው ሰውም አላጋጠመኝም። የአይስላንድ ቋንቋ ነው።

እስቲ ስሚኝማ፣ እህቴ። ያኔ እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ አስኮት ቬል የሚባል ሰፈር፣ የመንግሥት ፎቅ ቤት ውስጥ ነበርን፤ እኔና ልጄ ብቻ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ጓደኛዋ አንዲት ብቻ፤ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ወላጆቿ ለሥራ ሲመጡ ከአይስላንድ ይዘዋት የመጡ ልጅ። ሁለቱም እንግሊዝኛውን ከሌሎቹ ዘግይተው ስለጀመሩ ነው መሰለኝ የተዋደዱት። ከትምህርት ቤት ወጥተው ማሪቢርኖንግ ያሉትን ሱቆች ሲዞሩ ይቆዩና በትራም ይመጣሉ። ክረምት ሲገባ የልጅቷ ቤተሰብ ወደ አገሩ ተመለሰ። ስትሄድ ይህን ሲዲ ሰጠቻት። ሽፋኑ ላይ ካሉት ከሦስቱ አንዱ የጓደኛዋ ወንድም ነው፤ የመጀመሪያ ሥራቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልጄ ዝም አለች። ድሮም በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነበር የምትመልስልኝ፤ አሁን እሱም ቀረ። ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ከውስጥ የወንዶች ድምፅ ይንጎደጎዳል። እንግሊዝኛ ባይገባኝም እንግሊዝኛ መሆኑን እለየዋለሁ፤ ይሄ ግን እሱም አይደለም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ያሞቅሁትን ምግብ መልሼ አሞቃለሁ። መስኮት ጋ ሄጄ ትራሙን አያለሁ፣ ተመልሼ በሩን አያለሁ።

ጎረቤቴን አማከርኳቸው። በዕድሜ ታላቄ ናቸው።

«የኔዋም ልጅ እንዲሁ ነው የጀመራት» አሉኝ። «በር መዝጋት፣ ዝም ማለት። አንድ ቀን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። መንግሥት ቤት ሰጣት፤ በዚያው ቀረች።»

«እትዬ፣ አያስፈራሩኝ እንጂ!»

«አንቺ ሳይነኩሽ ትደነብሪያለሽ፣ እኔ ምን አደረግሁ? ቦርሳዋን ጠብቂ ብቻ።»

ጠበቅሁ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሻወር ስትገባ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከፈትኩት። ደብተር የለበትም። ሹራብ፣ ካልሲ፣ የታጠፈ ሱሪ።

እንደነበረ ዘግቼ ቦታው መለስኩት። ምን ልበላት? ብቆጣ ትወጣለች፤ ባለቅስም ትወጣለች። በምን ቋንቋስ ላውራት? በአማርኛ ብናገር እሷ ይጎድላታል፣ በእንግሊዝኛ ብሞክር እኔ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ሐኪም ቤት እንኳ ሕመሜን የምትናገርልኝ እሷ ነበረች።

ክፍሏ ገባች፤ ሙዚቃው ጀመረ። ላንኳኳ እጄን አንስቼ ቆምኩ። ከውስጥ አንዱ እየተጣደፈ ያወጣል፤ ሌሎቹ ባንድ ላይ ይቀበሉታል። ያወጣል፣ ይቀበላሉ። ከሥር ከበሮ። ኧረ ይሄንንስ አውቀዋለሁ! ወሎ፣ እኛ ቤት፣ ሐሙስ ማታ መንዙማ ሲባል ወንዶቹ ወዲያ ሆነው፣ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ በጭብጨባ እንቀበል ነበር፤ የሚያወጣውን ሰው ፊቱን ሳናየው። የዓረብኛው ቃል ሁሉ የሚገባን መሰለሽ? ስንቱን ሳናውቀው ተቀበልነው። እና ልቤ፣ ይሄማ የዚያ አገር መንዙማ ነው አለኝ።

ለማንኳኳት የተነሳው እጄ ማጨብጨብ ጀመረ።

በሩ ተከፈተ። «ማም! ዋት አር ዩ ዱዊንግ?»

«እየተቀበልኩ ነዋ።»

«ዋት?»

«መንዙማውን። ደግሞስ ነቢዩን መቼ ነው የሚያነሷቸው? ጆሮዬን ጣል አድርጌ ብጠብቅ ብጠብቅ!»

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ አልጋው ላይ ወድቃ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! «ማም፣ ኢትስ ሂፕ ሆፕ! ሂፕ ሆፕ!»

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

«እኔም አላውቅም።»

አላውቅም ያለችኝ በአማርኛ ነው። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጓደኛዋ የነገረቻትን ነገረችኝ፦ ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ ካልሆነ ማን ይሰማችኋል ብሏቸው ነበር፣ እነሱ ግን እምቢ ብለው በቋንቋቸው ሠሩት። በአማርኛ ትጀምራለች፣ ቃል ሲጠፋት በእንግሊዝኛ ትሞላለች፣ እንደገና ወደ አማርኛ ትመለሳለች። ጭብጨባውን አስተማርኳት፤ ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት። እሷ ትስታለች፣ እኔ እስታለሁ፣ የሲዲው ልጆች ግድ የላቸውም፣ ይቀጥላሉ። በዚያ ቤት ሁለታችንም እኩል የማናውቀው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ስለ ቦርሳው አልጠየቅኋት፤ እሷም አልነገረችኝ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ ቦርሳውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። የደብተር ክብደት ነበረው።

ዛሬ ራቅ ብሎ፣ ዌሪቢ የሚባል ቦታ የራሷ ቤት አላት። ወጣች፤ ግን መርቄ ነው ያወጣኋት። ፍርሃቴ ብቻ አብሯት አልሄደም፣ እዚሁ እኔ ጋ ቀረ። ዝናብ ሲጥል የምትነዳበት መንገድ ይታየኛል። ስልክ ካላነሳች መቀመጥ አልችልም። አሁንም ደወልኩ፤ አላነሳችም። ያቺ የስልክ ውስጥ ሴትዮ በእንግሊዝኛዋ መልእክት ተዪ ትላለች፣ ከዚያ ጢጥ። ጢጥ ሲል ሁልጊዜ ደንግጬ እዘጋዋለሁ።

ሲዲውን ከፍቼዋለሁ። ተቧጭሯል፤ ልክ ልጁ አውጥቶ ሌሎቹ ሊቀበሉት ሲሉ ያዝ ያደርገዋል፣ ይቆማል።

ጢጥ አለ። ዛሬ ግን አልዘጋሁትም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አጨበጨብኩላት፤ ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት።