ከመንጋጋው ጋር የተዘጋብን ቀን

ከሆሞሻ ወዲያ በአንድ ጅረት ዳር ለአገሩ ሹም ወርቅ እንቆፍር ነበር። ጉድጓዱ ከዳገቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ጠባብ ስለሆነ፣ ቀጠን ያልነው እኔና የባሌ ታላቅ እህት ገብተን አፈሩን እናወጣለን፤ ሌሎቹ ውጭ ያጥቡታል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ረፋድ፣ ዳገቱ ከኋላችን ተናደ። በአንዲት ስንጥቅ ከምትገባው ቀጭን ጮራ በቀር ብርሃን የሚባል ጠፋ። ልዞር ስል እግሬ እስከ ጉልበቴ በጭቃ ተይዟል።

«አለሽ?» አለችኝ የባሌ እህት።

«አለሁ። እግሬ ግን አልወጣ አለኝ።»

«አትታገዪ። በታገልሽ ቁጥር ይናድብናል።»

ግድግዳውን ስደገፍ አንድ ስለታም ነገር እጄን ቆረጠኝ። ዳሰስኩት፤ ጥርስ ነው። ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፣ ከዓለቱ ጋር አንድ ሆነው ተደርድረዋል። እንደ ማጭድ የተቆለመሙ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሻከረ፣ ከመዳፌ የሚረዝሙ ናቸው።

«የአዞ መንጋጋ ነው» አልኳት።

እጇን በላዬ አሳልፋ ዳሰሰች። «የአዞ ጥርስ ድቡልቡል ነው። ይሄ ጠፍጣፋ ነው» አለችና ዱዓ ማድረግ ጀመረች።

በተነፈስኩ ቁጥር ጥርሶቹ ትከሻዬን ይወጉኛል። ይህንንም አውሬ ጭቃ ይዞት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ያን ሁሉ ጥርስ ይዞ ካልወጣ፣ እኔ በምን ልወጣ?

ጀምበር ስታዘቀዝቅ የባሌን ድምፅ ሰማን። በጎን ቆፍረው ጎትተው አወጡን። እግሬ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ወሬውን የሰማ አንድ ከዋጃ፣ እኛ ነጩን እንግዳ እንዲያ ነው የምንለው፣ ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። መንጋጋውን አይቶ ሲወጣ አሸዋው ላይ በሁለት እግሩ የቆመ፣ እጆቹ ያጠሩ አውሬ ሣለልን።

«ሰው ሳይፈጠር የኖረ አዳኝ ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «የጥንት ቅድመ አያቶቹ ትናንሽ ነበሩ፤ በብዙ ትውልድ እየገዘፉ መጡ።»

«ምን እየበሉ?» አለች የባሌ እህት።

ከዋጃው ሳቀ። «ከነሱ የሚገዝፉትን።»

መንጋጋው ተፈልፍሎ እንዲወጣለት ቢለምን፣ ሹሙ በቁፋሮው ላይ ያስቀመጠው አለቃ ከወርቁ የሚተርፍ ሰው የለኝም አለው። እንግዳው በሄደ ማግስት አለቃው ወደ ጉድጓዱ ጠቁሞ «ግቡ» አለን። የባሌ እህት ሽርጧን አጠበቀችና ገባች። እኔም እያነከስኩ ተከተልኳት።

በጋውን ሙሉ ከጥርሶቹ ሥር ስቆፍር ከረምኩ። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ዳገቱን ከነመንጋጋው ጠራርጎ ወሰደው። አለቃው ከጅረቱ ማዶ ሌላ ጉድጓድ ሰጠን።