ሙፊዳና ያልተንጣጣው ሬዲዮ

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ መደዳ መጨረሻ ወዳለችው ጠባብ የስልክ ጥገና ሱቅ ጎራ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሠራተኛው የለም?» ብሎ ነው። ሙፊዳ ቀና እንኳ ሳትል «ምሳ ወጥቷል፤ እስኪመጣ እኔ ልየው» ትላለች። ያ ሠራተኛ ይኸው ሰባት ዓመቱ፣ ከምሳ አልተመለሰም። ስልኩ ግን ተሠርቶ ይሄዳል። ሙያ በልብ ነው ብላ እንጂ፣ ሠራተኛዋ ራሷ ናት።

ከቨርና ቻርጀር በመሸጥ ነው የጀመረችው። ሌላው «አይሠራም» ብሎ የጣለውን የስልክ ቦርድ እየለቀመች፣ እያፈረሰች፣ ጣቷን እያቃጠለች ሙያውን ያዘችው። ዛሬ ኔትወርክ እምቢ ያለ ስልክ ሲገጥማቸው፣ አንቱ የተባሉት ጠጋኞች ሳይቀሩ «እስቲ ለሙፊዳ አሳዩት» ይላሉ። ደግ አደረጉ፤ ከኩራት እውቀት ይበልጣል።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ፀሐይቱ በነጭ በትራቸው መንገዱን እየዳሰሱ መጡ። ዓይነ ስውር ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። አሮጌ ባለ በተን ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ደረጃ ላይ ከወደቀብኝ ወዲህ ኔትወርክ የለውም። አንዱ ጋ ብወስደው፣ ዋናው ቺፕ ሞቷል፣ ይጣል አለኝ።»

«ሲምዎን ሌላ ስልክ ላይ ላድርግልዎት?»

«ልጄ ተክለኣብ ተች ስክሪን ስልክ ገዝቶልኝ ነበር። መስታወት ነው፤ ጣቴ ምኑን ይያዝ? ሁለት ቀን ደውሎ ቢያጣኝ በጎረቤት ላከብኝ፤ ቅዳሜ የጭነት መኪና ይዞ መጥቶ፣ ዕቃዬን ጭኖ እሱ ቤት ሊያስገባኝ ነው። እዚህ ደረጃዬን ቆጥሬ እወጣለሁ፣ ቆጥሬ እወርዳለሁ። እዚያ ግን ሰው እጄን ይዞ ሽንት ቤት ሊወስደኝ ነው፣ ልጄ።»

ሙፊዳ መፍቻዋን አነሳች። ስልኩን ፈታች፤ ከአንቴናው ጀምራ የኔትወርኩን መንገድ በኤሌክትሪክ መለኪያዋ፣ በመልቲሜትር ተከተለች። አንቴናው ደህና ነው። አላመነችም፤ ሽቦ ቀጠለች፣ ፈታች፣ ደግማ ቀጠለች። ስክሪኑ ላይ የኔትወርኩ ምልክት ብልጭ ይልና ይጠፋል። ግትርነቷ ለሙያ አብቅቷታል፤ በዚያ ቀን ግን ግማሽ ቀን በላባት።

ወይዘሮ ፀሐይቱ በርጩማው ላይ እንደተቀመጡ ከቦርሳቸው ትንሽ ሬዲዮ አውጥተው ዜና ከፈቱ። ጥቂት ቆይተው ሬዲዮውን ወደ ስልኩ አስጠጉት።

«ልጄ፣ ስልኩ በርቷል?»

«አዎ፣ ኔትወርክ እየፈለገ ነው።»

«ታዲያ ሬዲዮዬ ለምን አይንጣጣም? ድሮ ስልኩን ስከፍተው፣ ሊደወልልኝም ሲል፣ ትር ትር ይል ነበር። ከወደቀ ወዲህ አንድ ቀን አልሰማሁትም።»

ሙፊዳ መልቲሜትሩን አስቀመጠች። ሬዲዮውን የሚያንጣጣው ስልኩ ወደ ውጭ ሲጣራ የሚረጨው ኃይል ነው። ምልክቱ ብልጭ እያለ ሬዲዮው ካልተንጣጣ፣ ስልኩ ይሰማል እንጂ አይጣራም። እሷ ጆሮውን ስትመረምር ዋለች፤ የተዘጋው ግን ጉሮሮው ነው። «አይ ሙፊዳ!» አለች፣ በራሷ አፍራ።

ምልክቱን አጉልቶ ወደሚልከው አምፕሊፋየር ሄደች። የባትሪው ኃይል አይደርሰውም። በማይክሮስኮፕ ብታይ፣ ኃይሉን የምታቀብለው የጤፍ ፍሬ የምታህል ዕቃ አንድ እግሯ ከቦርዱ ተላቅቋል። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ በመበየጃው ጫፍ ነካ አደረገቻት። ስልኩን ገጥማ አበራችው።

ሬዲዮው ዜናውን አቋርጦ «ትር ትር ትር» አለ።

ወይዘሮ ፀሐይቱ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ተቀብለው ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው፣ አንዴም ሳይሳሳቱ መቱት።

«ተክለኣብ፣ እኔ ነኝ። በማን ስልክ? በራሴ ነዋ! ቅዳሜማ ና፣ ማን ከለከለህ። መኪናውን ግን ተወው፤ የምትመጣው ለምሳ ነው።»

ከወዲያ ማዶ «እሺ እማዬ» ሲል የተክለኣብ ድምፅ ሙፊዳ ድረስ ተሰማ።