ያልመለስኩት ወንፈል

ሰው መተንፈሱን የሚያውቀው መተንፈስ ሲያቅተው ነው። እኔ ያወቅሁት ወልድያ፣ ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ ይዤ እንደቆምኩ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ መሐል ላይ አየር አለቀብኝ። ቆም ብዬ ሳብኩና ቀጠልኩ። ተማሪዎቹ እንዲጽፉ ፋታ የሰጠኋቸው መስሏቸው አቀርቅረው ይጽፋሉ። በኋላ «መምህሩ ዘንድሮ ረጋ ብሎ ማስተማር ጀመረ» ብለው አመስግነውኛል አሉ። ምስጋናውን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

እግሬ ከዚያ በፊት ከድቶኝ በምርኩዝ እሄድ ነበር። አዲስ አበባ የመረመረኝ ሐኪም አልደበቀኝም፤ በሽታው ጡንቻን እያደር የሚያደክም ነው፣ ከእግር ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ደረት ይሄዳል፣ የሚያቆመው መድኃኒት የለም። «ሳንባህ ጤነኛ ነው፤ የደከመው ሳንባህን የሚነፋልህ ጡንቻ ነው» አለኝ። ጎተራው ሙሉ ሆኖ በሩን መክፈት ያቃተው ሰው ሆንኩ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ትንፋሽ መቆጠብ ሆነ። በጀርባ መተኛት ቀረ፤ ከተጋደምኩ ሆዴ ደረቴ ላይ ወጥቶ የሚቀመጥ ይመስለኛል። ሳል ሲመጣ ብቻዬን ማሳል ስለማልችል ሚስቴ ሁለት መዳፏን ከጎድኔ በታች አድርጋ አብራኝ ትገፋለች። ድሮ ነገረኛ ነበርኩ፣ በክርክር የማልረታ። አሁን ረጅም ክርክር ሲመጣ «እሺ» ማለት ተማርኩ፤ «እሺ» አጭር ናት። ሚስቴ «በሽታው ጨዋ አደረገህ» ትለኝና እንስቃለን። ሳቁም ቢሆን ትንፋሽ ይበላል።

ለመኝታ የሚሆን መሣሪያ ታዘዘልኝ። በመብራት ይሠራል፤ ጭንብሉን አፍና አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ስተኛ አየር እየገፋ ደረቴን ያነሳልኛል። ችግሬ እንቅልፍ ነው። ነቅቼ ከተቀመጥኩ እንደምንም እስባለሁ፤ እንቅልፍ ከወሰደኝ ግን ሰውነቴ መተንፈሱን ይረሳዋል። ሐኪሙ «መብራት ሲጠፋ» ብሎ አንድ የጎማ ከረጢትም ጨመረልን፣ በእጅ ሲጨመቅ በጭንብሉ በኩል አየር የሚገፋ። ሚስቴ አጨማመቁን እዚያው ተማረች። ሐኪሙ «ሲጠፋ» ሲል አንድ ምሽት ቢጠፋ ብሎ ይሆናል፤ ወራት ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል?

በክረምቱ ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቀርብ መብራቱ ቀድሞ ሄደ። ተኩሱ ከተማው ዳር ሲደርስ መሣሪያዬን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በባጃጅ ወጣን። ሲሪንቃን አልፈን መርሳ ስንደርስ መርሳም ዕቃዋን ትጭን ነበር። ሚስቴ የተወለደችው ከመርሳ በላይ፣ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ የሚያስሄድ የሐብሩ መንደር ውስጥ ነው። እናቷ ዘንድ እንውጣ አለች። ዘመዶቿ ቃሬዛ ይዘው ወረዱና እኔን አስቀምጠው ተሸከሙኝ። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው ቆባቸውን አወለቁና «ማን ነው ያረፈው?» አሉ። «ኧረ አላረፍኩም» ልላቸው ነበር፤ አጠገባቸው ስንደርስ ግን ለሁለት ቃል የሚበቃ ትንፋሽ አልነበረኝም። እጄን ማንሳትም አልቻልኩም። በቁሜ የተቀበርኩ መሰለኝ።

ከቀናት በኋላ መርሳም ተያዘች፣ መንገዱም ተዘጋ። መንደሩ ውስጥ ስልክ የሚሞላና አንድ አምፖል የሚያበራ ሶላር ያላቸው ነበሩ፤ ሶላሩ የእኔን መሣሪያ ግን ማስነሳት አልቻለም። መሣሪያው ጥግ ላይ እንደ ታቦት ተሸፍኖ ተቀመጠ። የቀረን ከረጢቱ ነው። መንደርተኛው ሲያየው የቀጥቃጭ ማናፈሻ መሰለውና «ወናፍ» አለው፤ ወናፍ ሆኖ ቀረ።

ቀንና ሌሊት ቦታ ቀየሩብን። ሌሊት ግድግዳ ተደግፌ፣ ሳልተኛ፣ እየሳብኩ አነጋለሁ። ቀን ፀሐይ ሲሞቅ ጭንብሉ ይደረግልኝና ሚስቴ እየጨመቀች እተኛለሁ። ስምንት ቀን ብቻዋን ጨመቀች። በዘጠነኛው ቀን ጣቶቿ አብጠው ጽዋ መያዝ አቃታት። እኔ ደግሞ ዓይኗን እያየሁ መተኛት አፈርኩ። ይቺን ሴት እየገደልኳት ነው እል ነበር በልቤ።

አማቴ ትልቅ ሴት ናቸው። እንደ ድሮው ሥርዓት አማች ፊት አይበሉም፣ እኔንም «አንቱ» ነው የሚሉኝ። ጎረቤቱን ጠርተው ደጅ ላይ ሲያናግሩ ከውስጥ ሰማሁ።

«ሰው በእርሻ ወንፈል ተገባ በትንፋሽ ለምን አይገባም? ለአማቼ ግማሽ ቀን ለሚጨምቅ ልጄ ግማሽ ቀን ታርምለታለች፣ ታጭድለታለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።»

ሎሚው እኔ መሆኔ ነው።

ወንፈል እንደ ጅጊ በጠላና በምርቃት አያልቅም። ዛሬ ማሳዬን ያረምክልኝን ነገ ማሳህ ላይ ተገኝቼ እመልሳለሁ። ሚስቴ የከተማ ሰው ሆና የኖረችውን ሁሉ ትታ ማሽላ ልታርም ወረደች። ማታ መዳፏ ተልጦ ስትመጣ «ለሰው ሞት አነሰው» የሚባለው ገባኝ። ዕዳው በእኔ ስም ነው፣ መላሿ ግን እሷ ናት።

የመጀመሪያው ወንፈለኛ ጎረምሳ የመሰለ ጎልማሳ ነበር። «ቢስሚላህ» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበና ወናፉን ያዘ። ወንፈል ላይ ትልቁ ነውር መለገም ነው፤ ሰው ማሳ ላይ እጁን አሳንፎ ከታየ ስሙ ለዓመት አይጠራም። ስለዚህ ሰውዬው አልለገመም። ያለ የሌለ ጉልበቱን አወጣብኝ። ሆዴ ተነፋ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ጣቶቼን ነዘረኝ። ጭንብሉ አፌን ስለዘጋው ዓይኔን አፈጠጥኩ፣ አርገበገብኩ። «እዩ፣ እዩ፣ ነፍስ ዘራ!» ብሎ ባሰበት። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ እንዲሁ ነው። በሰው ሁሉ ደግነት ልሞት ደረስኩ።

መላ ያገኘው የግድግዳ ጎረቤታችን ነው። አስም ነበረበት። የሚስበው መድኃኒት አልቆበት፣ መርሳ ያሉት መድኃኒት ቤቶች ተዘርፈው፣ እሱም እንደኔ ትንፋሽ ቆጣቢ ሆኖ ነበር። ተራው ሲደርስ ወናፉን ያዘና ጨርሶ አልጨመቀም። ደረቴን ብቻ ያያል። እኔ ትንሽ ልስብ ስል ቀስ አድርጎ ያግዘኛል፤ ሳስወጣ ይተወኛል።

«ትንፋሽ ያጣ ሰው አይጣደፉበትም» አለ። «አንተ መምህር፣ ሲበዛብህ ዓይንህን ጥብቅ አድርገህ ጨፍን። ያን ጊዜ ተው ማለትህ ነው።»

ለመንደሩ ሁሉ አስተማረ። ለሚስቱም፣ ለሚስቴም። ዓይኔን ጥብቅ አድርጌ ስጨፍን ይተዋሉ፤ ስገልጥ ይቀጥላሉ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ የተኛሁት በእሱ እጅ ነው። አንዳንዴ እሱ ራሱ ሲያፍነው ወናፉን ለሌላ ይሰጥና በሩ ላይ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ ይላል። ሁለታችን ስንተነፍስ የሰማ ሰው አማቴን «ቤትሽ ውስጥ መጋዝ አለ ወይ?» ይላቸው ነበር። እሱ ይስቃል፣ እኔ ዓይኔን አርገበግባለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያገኘሁት ጓደኛ እሱ ነው።

ኅዳር ላይ ጤፉ ደረሰ። ጦርነት ቢሆንም እህል ሜዳ ላይ አይቀርም። የእሱ ውቂያ ቀን ሚስቴ ወንፈሉን ልትመልስ አውድማ ሄደች። «አንተ እንኳ ራቅ በል፣ አቧራው ይጎዳሃል» ብላው ነበር። ሰው እያገዘው ዳር መቆም አፍሮ መንሹን ያዘ። እሱም መለገም አይሆንለትም።

እኩለ ቀን ገደማ ነው። አማቴ እየጨመቁልኝ ነበር፤ ነቅቻለሁ። ሚስቴ ጸጉሯ ላይ እብቅ እንደነሰነሰ እየሮጠች ገባች።

«እማ፣ አፈነው! ከንፈሩ ጠቁሯል። ቃሬዛ አምጥተው ወደ መርሳ ሊያወርዱት ነው፤ አንዲት ነርስ ትንሽ መድኃኒት ደብቃ ይዛለች አሉ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ጎንበስ ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች።

«ወናፉን ይዤው ልሂድ? መንገድ ላይ ላግዘው። ሳይመሽ እመልሰዋለሁ።»

እችል ነበር። ይህን ነው መጻፍ የፈለግሁት። ያን ቀን ጥቂት ተኝቻለሁ፣ ጠዋት ራሴን አላመመኝም፣ ግድግዳ ተደግፌ እስከ ማታ መቆየት እችል ነበር። ከዚያ በፊትም ቆይቻለሁ። ግን ወናፉ ከዚያ በር ሲወጣ ታየኝ። መርሳ ላይ የታጠቀ ሰው ቢቀማትስ? ቢቀደድስ? ተኩስ ቢነሳና መመለስ ቢያቅታትስ? ሌላው ሰው ሲሞት ታየኝ አልልም፤ የታየኝ የራሴ ሞት ነው።

ዓይኔን ጥብቅ አድርጌ ጨፈንኩ።

«ተኝተዋል፣ ደክሟቸዋል፣ ተያቸው» አሉ አማቴ። ሚስቴ ግን ምልክቱን ታውቀዋለች። እጆቿ ፊቴ ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ አነሳቻቸውና ባዶ እጇን ሮጠች። አማቴ መጨመቃቸውን ቀጠሉ፤ አየሩም እንደወትሮው ገባልኝ። ዓይኔን ለመግለጥ ብዙ ቆየሁ።

መርሳ አልደረሰም። ከመንደሩ ወርደው ገና ወንዙን ሲሻገሩ አለፈ። የመንደሩ ሰው «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ፣ «አቧራው ነው» አለ፣ «መድኃኒት የከለከለን ጦርነት ነው» አለ። ማንም የወናፉን ነገር አላነሳም። ወናፉ ቢሄድ ይድን ነበር ወይ? አላውቅም። በኋላ አንድ ሐኪም ስጠይቅ «ምናልባት፣ ለመናገር ይቸግራል» አለኝ። «ምናልባት» የምትለው ቃል እንዴት እንደምታሳድር እኔ ነኝ የማውቀው።

ሚስቴ እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም። ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ሲወጣ ወልድያ ተመለስን፤ መብራቱ ሲመጣ መሣሪያው እንደገና ነፋልኝ። ደረቴ ግን ከክረምቱ በፊት እንደነበረው አይደለም። አሁን ቀንም ያለ እሱ ብዙ አልቆይም። ይህን የምጽፈው በሚንቀሳቀስልኝ አንድ ጣት ስልክ ላይ ነው። ስጨርስ የምታነበው እሷ ናት። ቢያንስ አንድ ነገር እንድትለኝ እፈልጋለሁ፤ ብትሰድበኝ እንኳ ይሻለኛል።

እዚያው መንደር ሳለን፣ ሣልስቱ በወጣ ማግስት፣ የእሱ ሚስት መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፊቷ በልቅሶ ቆስሏል። አማቴ ደንግጠው ተነሱ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ መጣሽ? ተቀመጪ እንጂ ቤትሽ።»

«ዛሬ የሱ ተራ ነው» አለች ወደ ሚስቴ እያየች። «እታለም አጨዳውም ውቂያውም ላይ ውላልናለች፤ እኛ የሰጠናት የአንዱን ግማሽ ቀን ብቻ ነበር። ወንፈል ሳይመልስ ሄደ አይባልበትም።»

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። ሚስቴ ምድጃው አጠገብ ነበረች፤ ቀና አላለችም። ሴትየዋ አጠገቤ ተቀመጠችና ጭንብሉን አስተካክላ ወናፉን አነሳች። ወዲያው አልጨመቀችም። ደረቴን አየች። ልስብ ስል ቀስ አድርጋ አገዘችኝ፤ ሳስወጣ ተወችኝ። የእሱ እጅ ነበር፣ ልክ የእሱ።

«እሱ እንዳሳየኝ ነው የምጨምቀው» አለችኝ። «ሲበዛብህ ዓይንህን ጨፍን።»

ጭንብሉ አፌ ላይ ነበር። ግማሽ ቀን ሙሉ ጨመቀችልኝ፤ እንባዋ ሲወርድ በትከሻዋ እየጠረገች፣ እጇን ሳታቆም። እንቅልፍ እየጣለኝ ነበር፣ እሷም «ተኛ እንጂ፣ ተኛ» ትለኝ ነበር። ተራዋ አልቆ ተነስታ እስክትሄድ ድረስ ዓይኔን አልጨፈንኩም።